ሚቶማ «ዋንጫ የሌለው ዝነኛ» ነው?

የአንፊልድ ልጅ፦ ዛሬም አንዱ «በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ምርጡ ጃፓናዊ ሚቶማ ነው» ብሎ ለጥፎ ላይክ ዘነበለት። ኧረ ተዉ! ሌላው ጃፓናዊ ኤንዶ በ2025 ከሊቨርፑል ጋር ሊጉን በልቷል። በ2024 የሊግ ካፕ ፍጻሜም ቼልሲ ላይ 120 ደቂቃ ሙሉ መሐሉን ዘግቶ ነው የዋለው። የእሱን ቪዲዮ ማን ይቀባበላል? ሚቶማ ዋንጫ የሌለው ዝነኛ ነው።

ሚቶማ 22፦ «ዋንጫ የሌለው»? በ2020 ከካዋሳኪ ፍሮንታሌ ጋር የጃፓንን ሊግ አንስቷል። ፌብሯሪ 2025 ለብራይተን ቼልሲ ላይ ያገባውንስ አይተሃል? የራሱ ቡድን በረኛ ቨርብሩገን ከሩቅ የለጋውን ኳስ ከአየር ላይ በአንድ ንክኪ አብርዶ፣ ተከላካዩን ጥሎ አገባ። ይሄ ኢንተርኔቱን ቢሞላው ምን ይገርማል?

የአንፊልድ ልጅ፦ የጃፓንን ሊግ ከፕሪሚየር ሊግ እኩል ልትቆጥርልኝ ነው? እንግሊዝ ውስጥ ዋንጫ የለውም ነው ያልኩት።

ሚቶማ 22፦ «እንግሊዝ ውስጥ» አላልክም፤ ወደ ላይ ሂድና አንብብ። ኤንዶም ሊጉን በበላበት ዓመት ሊጉ ላይ አብዛኛውን ጨዋታ የገባው ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ነው።

ቀይ ሰይጣን፦ ሁለታችሁም የማንቸስተር ዩናይትዱን ጃፓናዊ ካጋዋን ዘለላችሁት። ማርች 2013 ኖርዊች ላይ ሦስት አግብቶ በፕሪሚየር ሊግ ሃትሪክ የሠራ የመጀመሪያው እስያዊ ሆነ። በዚያው ዓመት ሊጉንም በላ። የዛሬ የቲክቶክ ልጆች ስሙን እንኳ አያነሱትም፤ ያናድደኛል።

የአንፊልድ ልጅ፦ ካጋዋማ በቀጣዩ ዓመት በሊጉ አንድም ጎል አላገባም።

ቀይ ሰይጣን፦ አሰልጣኙ ሞይስ ነዋ! ከአጥቂ ጀርባ የሚጫወተውን ልጅ ግራ መስመር ላይ ጣለው። ዶርትሙንድ በ2011ም በ2012ም ቡንደስሊጋውን ሲበላ የት ነበር የሚጫወተው? በካጋዋ አትምጡብኝ።

ሰላም የኳስ፦ ኦካዛኪንስ ማን ያስታውሰዋል? በ2016 ሌስተር ሻምፒዮን ሲሆን ኒውካስል ላይ በመቀስ ምት ያገባት ጎል ሙሉ ሦስት ነጥብ አምጥታለች። ወሬው ግን የቫርዲና የማህሬዝ ነበር። ሲሮጥና ኳስ ሲነጥቅ የሚውል ሰው ክሊፕ አይሠራለትም፤ የኤንዶም ዕጣ ይኸው ነው። ሚቶማ አብዶ አለው፣ ሰው አልፎ ይሄዳል። ቱኩባ ዩኒቨርሲቲ እያለ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ራሱ በድሪብል ላይ ነው። ሰው ስለወደደው ጥፋተኛ አታድርጉት።

የአንፊልድ ልጅ፦ እህቴ፣ ጥፋተኛ ነው ያለ የለም። ላይክ ስለበዛለት ምርጡ አትበሉት ነው የምለው።

ሚቶማ 22፦ በ2022 ዓለም ዋንጫ ስፔን ላይ ያቺን ኳስ ከሜዳው መጨረሻ መስመር ላይ ባይመልሳት የጃፓኑ ታናካ አያገባም፣ ጀርመንም ከምድቡ አትሰናበትም ነበር። ይሄም ላይክ ነው?

ቀይ ሰይጣን፦ ኳሷ እኮ ወጥታ ነበር።

ሚቶማ 22፦ ቫር (የቪዲዮ ዳኛው) አይቶ አልወጣችም ብሏል! ከላይ የተነሳውን ፎቶ እለጥፍልሃለሁ።

የአንፊልድ ልጅ፦ ፎቶውን ተወው። አሰልጣኙ ሞሪያሱ በ2023 የጃፓንን አምበልነት ለማን ሰጠ? ለኤንዶ።

ሚቶማ 22፦ አምበልነትን ማን ጠየቀህ? አሁንም «ዋንጫ የሌለው» ያልካትን አላነሳህም።