«በንዳድ ሞተ» ሲል ወባ ነው ወይስ ትኩሳት?

አራሚው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታላቁ እስክንድር አሟሟት የተጻፈ ነገር እያረምኩ ነው። «ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ባቢሎን ላይ በንዳድ ሞተ» ይላል። ቀጥሎ ግን የዘመናችን ሐኪሞች ስለ ህመሙ እንደማይስማሙ ይተርካል፤ አንዱ ወባ፣ አንዱ ታይፎይድ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሽባ የሚያደርገው ጊላን ባሬ ተባለ። ንዳድ ወባ ከሆነ ጸሐፊው ገና ሳይጀምር ፈረደ ማለት ነው። ምን ትላላችሁ?

ቆለኛው፦ ንዳድ ወባ ነው። አለቀ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ምኑ አለቀ? ግንዱ ነደደ ነው፣ «እቶነ እሳት ዘይነድድ» ያለው። ማቴዎስ 8 ላይ የጴጥሮስ አማት በንዳድ ታማ ተኝታ ነበር፤ ትንኝ ነደፋት የሚል አላየሁም። ግሪኩም ፒር፣ እሳት ካለው ነው ትኩሳትን ፒሬቶስ የሚለው። ግእዙ ግን ፈጸንት ይላል።

ፀሐዩ ፀ፦ ፈፀንት! በእኔ ፀ! አንተ የጻፍከው ከፈጸመ ጋር ዘመድ ሆነ እኮ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ በሽተኛውን ከፈጸመው ምን ለውጥ አለው 😂

ቆለኛው፦ ወባስ ከዐረብኛው «ወባእ»፣ ወረርሽኝ ካለው መጥቶ ይሆን?

ስንፍና፦ እኔ ነዶት ነው የሞተው ባይ ነኝ። ወዳጁ ሄፋስቲዮን የሞተበት በዓመቱ ውስጥ ነው። መቃብያንም ቢሆን መጀመሪያው ላይ «አልጋው ላይ ወደቀ» ነው የሚለው፣ ንዳድ አይልም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እሱ የግሪኩ መቃብያን ነው ወዳጄ። የእኛው በንጉሡ በጺሩጻይዳን ነው የሚጀምር። ሳታነብ አትጥቀስ።

ነርሷ፦ እናንተ ንዳዱን ይዛችሁ ቀራችሁ። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ አርያን እንደጻፈው ወታደሮቹ ባልጋው አጠገብ ሲያልፉ መናገር አቅቶት ራሱን ቀና እያደረገ በዓይኑ ብቻ ነው የተሰናበታቸው። ሌላው የጥንት ጸሐፊ ፕሉታርክ ደግሞ ሬሳው ለቀናት አልፈረሰም ይላል። ጊላን ባሬ ያሉት ሐኪም ከዚህ ተነስተው ነው፤ ሰውነቱ ሽባ ሆኖ ትንፋሹም ስለደከመ በቁሙ ሞተ ተብሎ ይሆናል ብለው። አሁን ይሄን «ልሳኑ ተዘጋ» ብለህ ብታርመው፣ እኛ ጣር ላይ ነው ብለን እናልፈዋለን። ምልክቱ ጠፋ ማለት ነው። «መናገር ተሳነው» በለው።

ስንፍና፦ «ተሳነው» ራሱ ሽባነት ይሸታል።

ነርሷ፦ «አልተናገረም» በለው እንግዲህ!

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እሱ ደግሞ ያኮረፈ ይመስላል።

አራሚው፦ ኧረ ባካችሁ ነገ አስረክባለሁ። ንዳድ ልተወው ወይስ ትኩሳት ልበል?

ፀሐዩ ፀ፦ መጀመሪያ ከላይ «ህመሙ» ያልከውን አርም። ሕመም በሐመሩ ሐ ነው።