የጥቅምቱ የሥዕል ፕሮግራም፦ የአንደርስ ዞርን የራስ ምስል (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለልጆቻችን ያሰብነው ሥዕል ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን እ.ኤ.አ. በ1896 ራሱን ከሞዴሉ ጋር የሣለበት የዘይት ቀለም ሥራ ነው። የሚገኘው እዚሁ ስቶክሆልም፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

የሥዕል አስተማሪ፦ በጣም ደስ ብሎኛል። ዞርን ፊቱን ብቻ አይደለም የሣለው፤ ፓሌቱንም (ቀለም የሚደባልቅበትን ሰሌዳ) አሳይቶናል። ሞዴሏ ከኋላ ጥላ ውስጥ ናት። የፓሌቱ ቀለሞች ጥቂት ናቸው፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) እና ቀይ። ሰማያዊ የለም! ጥቁሩ ከነጭ ጋር ሲደባለቅ ቀዩ አጠገብ ሰማያዊ ይመስላል፤ ከኦከሩ ጋር ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከጉብኝቱ በኋላ ልጆቹ በእነዚሁ አራት ቀለሞች መስታወት እያዩ ራሳቸውን ይሣሉ። ብዙ ልጆቻችን ቡናማ ቱቦ ከፍተው ፊታቸውን አንድ ወጥ አድርገው ይቀቡታል። ኦከርና ቀይ ደባልቀው ጥቁሩን ጠብ ሲያደርጉበት ግን ግንባራቸውና ጉንጫቸው የተለያየ ቀለም እንዳለው በዓይናቸው ያያሉ። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው።

አንዲት እናት፦ ጋሼ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። የዘይት ቀለሙ ግን አይጎዳቸውም? ሽታውስ?

የሥዕል አስተማሪ፦ ልክ ነሽ እህቴ። በዞርን ዘመን ነጩ ከእርሳስ ማዕድን፣ ቀዩ ደግሞ ከሜርኩሪ ይሠራ ነበር። እኛ በውሃ የሚታጠብ፣ ለልጆች የተሠራ አክሪሊክ ቀለም እንጠቀም። ቶሎ ስለሚደርቅ ሥራቸውን በዕለቱ ይዘው ይገባሉ።

ሌላ አባል፦ ለምን ሞራ ከተማ አንሄድም? ያደገበት አገር ነው፤ ቤቱም ሙዚየሙም እዚያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ በባቡር ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ትንንሾቹ አይችሉትም። ለበጋ እናቆየው።

አንዲት እናት፦ እሺ። ታሪኩን ግን ንገሯቸው። እናቱ ቢራ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ አባቱን አያውቀውም፣ ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። በ15 ዓመቱ ስቶክሆልም የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ። ትልልቆቹ ልጆቻችን በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው እኮ!

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ለቦርዱ የማቀርበው ይህ ነው። ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት በኋላ በአራት ቀለም የራስ ምስል፤ ማብራሪያው በአማርኛና በስዊድንኛ። ሥዕሉ በዚያ ሰሞን ተሰቅሎ እንደሚቆይ ደውዬ አጣራለሁ። መስታወት ያላችሁ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ።