የእናት ጡት ወተት ቢናጥ ቅቤ ይወጣዋል?

ጥያቄ፦
የአራት ወር ሕፃን የማጠባ እናት ነኝ። ማታ አልቤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጥኩት ወተት ጠዋት ሳየው ከላይ ወፍራም ቢጫ ቅባት፣ ከታች ሰማያዊ የሚመስል ስስ ወተት ሆኖ አገኘሁት፤ እናቴ በቅል ስትንጥ እያየሁ ስላደግሁ፣ ይህም ቢናጥ ቅቤ፣ ቢጣድም አይብ ይወጣው ይሆን ብዬ መጠየቅ አማረኝ።

መልስ 1፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ። ቅባቱ ከላም ወተት ጋር ተቀራራቢ፣ በ100 ሚሊ ሊትር 4 ግራም ገደማ ስለሆነ ቅቤ ይወጣዋል። አይቡ ግን ያስቸግራል፤ ወተትን የሚያረጋው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉን ሲይዝ በእናት ወተት ግን ድርሻው አነስተኛ ነው፤ ጠቅላላ ፕሮቲኑም የላሙን ሲሶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሲጣድ ጥቂት ፍርፋሪ ቢታይ እንጂ የሚጠለል አይብ አይገኝም። ለሕፃን ሆድ የሚቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ 2፦
እኔ የተረፈኝን በጠርሙስ ንጬ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ለስላሳ ቅቤ አግኝቻለሁ። መለያየቱ መበላሸት ስላልሆነ አትድፊው፤ በቀስታ አዙረሽ ቀላቅይውና በአራት ቀን ውስጥ ለልጅሽ ስጪው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ጠግቦ የተረፈ ቀን እንጣለሁ።