የጎማ ዛፉ ሳይቆረጥ ሙጫውን በማሽን ማስለቀም ይቻላል?

ቅጠል_ሰብሳቢ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምጫወተው ማይንክራፍት የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፣ እትሙ 1.7.10። ሞድፓኩ (ጨዋታው ላይ የሚጨመሩ ሞዶች ጥቅል) ውስጥ ኢንደስትሪያልክራፍት 2 እና ማይንፋክትሪ ሪሎድድ የሚባሉ የማሽን ሞዶች አሉ። አሁን ሥራዬ ሁሉ ቆሟል። ብረትም መዳብም በሽ ነው። የጠፋው ጎማ ነው።

አንድ ኤሌክትሮኒክ ሰርኪት ስድስት የተሸፈነ የመዳብ ገመድ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ገመድ ደግሞ አንድ ጎማ ይበላል። ትናንት ማታ አሥር ሰርኪት ልሠራ ተነስቼ 60 ጎማ እንደሚያስፈልገኝ ሳሰላ ተውኩት። ጎማ የሚሠራው ከጎማ ዛፍ ሙጫ ነው፣ ሙጫ ማውጫውን ትሪታፕ ይዞ ጫካ ለጫካ መዞር ሰልችቶኛል። እሱም 16 ጊዜ ከሠራ በኋላ ይሰበራል። አምስት ሳንቃ አውጥቶ ሌላ መሥራት ነው፣ እንደገና መዞር ነው።

ስለዚህ እርሻ ሠራሁ። ፕላንተሩን ከመሬቱ ሥር ቀበርኩት፣ ሃርቨስተሩን ከጎን አቆምኩት፣ ከኋላው ሳጥን አደረግኩለት። ማሽኖቹ በደንብ ይሠራሉ። ችግኙ ይተከላል፣ ያድጋል፣ ይቆረጣል። ሳጥኑ በግንድ ጢም ብሏል። ሙጫው ግን የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሃርቨስተሩን አነሳሁት። ዛፎቹን ትቼ በእጄ እየዞርኩ ልለቅም አልኩ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ግንዱ ላይ ያሉት ሙጫ የሚወጣባቸው ብርቱካናማ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ጠፉ። ግንዱ ልሙጥ ሆኖ ቀረ። ሰርቨሩ ላይ ችግር አለ እንዴ? ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሩቅ ቦታ ማዕድን ልቆፍር ሄጄ ሁለት ሰዓት ቆይቼ ስመለስ፣ የደረቁት ቀዳዳዎች እንደደረቁ ናቸው።

ዛፉን ሳይቆርጥ ሙጫውን የሚለቅም ማሽን አለ? ወይስ ቆርጦ መትከሉ ይሻላል?

ቀይ_ድንጋይ፦

ከሁሉ በፊት ችግኙን እይ። በዚህ ሞድፓክ ውስጥ ሁለት ዓይነት የጎማ ዛፍ ነው ያለው። አንዱ የኢንደስትሪያልክራፍት ነው፣ ሌላው የማይንፋክትሪ። ስማቸው ያው ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የማይንፋክትሪው ሲቆረጥ ጥሬ ጎማ ይሰጥሃል፣ የሙጫ ቀዳዳ ግን በፍጹም አያወጣም። መቶ ዓመት ብትጠብቀውም አያወጣም።

ዌይላ (የምታየውን ነገር ስም የሚጽፍ ሞድ) ካለህ ግንዱን ስታየው የሞዱን ስም ከታች ይጽፍልሃል። ሳጥንህ ውስጥ ያሉትን ችግኞችም ለያቸው። ፕላንተሩ ውስጥ ተደባልቀው ከገቡ ያገኘውን ነው የሚተክለው።

ሙጫ_ለቃሚ፦

ሰርቨሩ ምንም አልሆነም ወንድሜ። ቀዳዳዎቹን ያጠፋሃቸው ሳታውቅ ራስህ ነህ። እኔም የመጀመሪያዎቹን ዛፎቼን ያጣሁት ልክ እንደዚህ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ቀዳዳው ሁለት መልክ አለው። ሙጫ የሞላው ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል። የተለቀመው ደረቅ ነው፣ ውስጡ ባዶ። የሞላውን በትሪታፕ ስትነካው ከአንድ እስከ ሦስት ሙጫ ይሰጥህና ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ከነካኸው ነው ጉዱ የሚመጣው። ደረቁን ቀዳዳ በነካህ ቁጥር፣ ከአምስት አንድ ዕድል፣ ለዘላለም ይደፈናል። ግንዱ ተራ ግንድ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ምንም ብታደርግ አይመለስም።

ሰው የሚሳሳተው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ደረቁም ቀዳዳ አንዳንዴ አንድ ሙጫ ይጥላል። እሱም ከአምስት አንድ ነው። አንድ ጊዜ ጠብ ሲል ያየ ሰው «አልደረቀም ማለት ነው» ብሎ መደጋገሙን ይቀጥላል። በአንዲት ሙጫ ምክንያት ለወራት ሊያበላው የሚችለውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው። ብርቱካናማ ካልሆነ እጅህን ሰብስብ።

ቀዳዳ የሚፈጠረው ደግሞ ችግኙ ወደ ዛፍ በተለወጠባት ቅጽበት ብቻ ነው። በኋላ አይጨመርም። ግንድ አምጥተህ በእጅህ ብትከምርም ቀዳዳ አያወጣም። አንዳንዱ ዛፍ አንድ ቀዳዳ ይዞ ይወጣል፣ አንዳንዱ ሁለት፣ ሲሳካ ሦስት። ምንም የሌለውም ብዙ ነው። ሃርቨስተርህ ይህን አይለይም። ሦስት ቀዳዳ ያለውንም ምንም የሌለውንም እኩል ይገነድሰዋል።

አሁን ሒሳቡን እናድርገው። ኤክስትራክተር በሚባለው የኢንደስትሪያልክራፍት ማሽን ውስጥ አንድ ሙጫ ሦስት ጎማ ይሆናል። ምድጃ ውስጥ ግን አንድ ለአንድ ነው፣ ስለዚህ ሙጫ ምድጃ ውስጥ አትክተት። አንድ ግንድ ኤክስትራክተር ውስጥ ቢገባ አንድ ጎማ ይሰጣል። እንግዲህ ስድስት ግንድ ያለው ዛፍ ቆርጠህ ብትፈጨው ስድስት ጎማ አገኘህ፣ ዛፉም አለቀ። አንድ ቀዳዳ ደግሞ በአማካይ ሁለት ሙጫ ይሰጣል። ሁለት ሙጫ ስድስት ጎማ ነው። አንድ ቀዳዳ አንዴ ሲለቀም የአንድ ሙሉ ዛፍ ያህል ሰጠህ ማለት ነው፣ ዛፉ ግን እዚያው ቆሟል። ተመልሶ ይሞላል። ስድስት ጎማ ደግሞ ራስህ እንዳልከው አንድ ሰርኪት ነው።

ማሽኑን በተመለከተ፣ አለ። ያውም እዚያው ማይንፋክትሪ ውስጥ ነው ያለህ። ፍሩት ፒከር (ፍሬ ለቃሚ) ይባላል። ስሙን አይተው የካካዎ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የኢንደስትሪያልክራፍትን የሙጫ ቀዳዳም ያውቃል። የሞላውን ብቻ ይለቅማል፣ ደረቁን አይነካም። ስለዚህ ቀዳዳህ አይደፈንም። በእጅ ከመልቀም የሚበልጠው ዋናው በዚህ ነው፣ ድካሙን ማስቀረቱ ሁለተኛ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ችግኞቹን ራስህ ትከላቸው፣ ፕላንተሩን ለጊዜው አጥፋው። ቶሎ እንዲያድጉ የአጥንት ዱቄት ስጣቸው። ካደጉ በኋላ እያንዳንዱን ግንድ በአራቱም ጎን ዞረህ እየው። ቀዳዳ የሌለውን ቁረጠውና በቦታው ሌላ ችግኝ ትከል። እንዲህ እያልክ ሁሉም ቦታ ቢያንስ አንድ ቀዳዳ ያለው ዛፍ እስኪቆም ድረስ ቀጥል። ትዕግሥት ካለህ ሁለት ቀዳዳ እስኪመጣ ጠብቅ። እኔ ይህን ሥራ ሁለት ማታ ሠርቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዛፍ አልቆረጥኩም። በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው፣ እውነቴን ነው። ዛፎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለህ።

ከዚያ ፒከሩን ከፊታቸው አቁመው፣ ከጎኑ ሳጥን አድርግለት። የሚሸፍነው ስፋት ካነሰህ አፕግሬድ አለው። አንድ ነገር ብቻ አስታውስ፣ የማይንፋክትሪ ማሽን አርኤፍ በሚባል የኃይል ዓይነት ነው የሚሠራው፣ ኤክስትራክተሩ ኢዩ በሚባል ሌላ ዓይነት። አንዱን ኃይል ለሌላው ብትቀጥል አይነሳም። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጄኔሬተር ስጣቸው፣ ወይም መቀየሪያ ካለህ እሱን ተጠቀም።

ሄደህ ስትመለስ ያልሞላው ደግሞ ቻንኩ (ጨዋታው ዓለሙን የሚከፋፍልበት ቁራጭ ቦታ) ስለተኛ ነው። ከአካባቢው ስትርቅ ጨዋታው ያንን ቦታ ማስላት ያቆማል። ዛፉ አያድግም፣ ቀዳዳው አይሞላም፣ ማሽኑም አይሠራም። ቻንክ ሎደር (ስትርቅም ቦታውን እንዳይተኛ የሚያደርግ) አድርግበት። ሲሞላም ሁሉም እኩል አይሞላም፣ በዕጣ ነው። አንዱ ቶሎ ይሞላል፣ ጎረቤቱ ያዘገያል። ስለዚህ አንዱ ደርቆ ቢቆይብህ ተበላሸ ብለህ እንዳትነካካው።

ቅጠል_ሰብሳቢ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ከአምስት አንድ የሚለውን ሳነብ ክው ነው ያልኩት። በትክክል ያንን ነበር የማደርገው። አንዲት ሙጫ ጠብ ስትል እያየሁ እደጋግም ነበር።

ቀይ ድንጋይም እውነቱን ነው። ካሉኝ ችግኞች ውስጥ ሰባቱ የማይንፋክትሪ ሆነው ተገኙ። ለይቼ አወጣኋቸው።

አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁ። አሥራ ስድስት ችግኝ በአራት ረድፍ ተከልኩ። ሲያድጉ ስድስቱ ቀዳዳ የላቸውም። ቆረጥኳቸው፣ መልሼ ተከልኩ። በሁለተኛው ዙር ሁለት ቀሩ። በሦስተኛው ሁሉም ያዘ። ከሁሉም የምወደው በሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ያለው ነው። ሦስት ቀዳዳ አለው። አንዱ ከታች ወደ ሰሜን፣ አንዱ መሃል ላይ ወደ ምሥራቅ፣ ሦስተኛው ቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ ነው። ያንን ያገኘሁት ቅጠሉን ገልጬ ነው።

ፒከሩን ኃይል ሰጥቼ ከፊቱ ቆምኩ። ያ የታችኛው ቀዳዳ ብርቱካናማ ነበር። ፒከሩ አንዴ ሲሠራ ቀለሙ ጠፋ፣ ወዲያው ሳጥኑን ከፈትኩ። ሦስት ሙጫ። ከዚያ ምንም ሳልነካ ያንን ደረቅ ቀዳዳ እያየሁ ቆምኩ። ሰው የሚያበስለውን ድስት ቆሞ እንደሚያየው። ጎኑ ያለው ዛፍ ቀድሞ ሞላ፣ ተለቀመ። የኔው ቆየ፣ ቆየና በመጨረሻ ሞላ። ፒከሩም ወሰደው። ዛሬ ጠዋት ስገባ ሳጥኑ ውስጥ 90 ሙጫ ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሙጫውን ከሳጥን እያወጣሁ ኤክስትራክተር ውስጥ መክተት አለብኝ? እሱንም በራሱ ማድረግ እፈልጋለሁ።

ሙጫ_ለቃሚ፦

ያ የቅጠል ውስጥ ቀዳዳ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ቀዳዳ የለውም ብለህ ከመቁረጥህ በፊት ሁልጊዜ ላይኛውን ግንድ እይ።

ለጥያቄህ፣ ከሳጥኑ ወደ ኤክስትራክተሩ በቧንቧ ውሰደው። ኤክስትራክተሩ ውስጥ ኢጀክተር አፕግሬድ ክተትበት፣ ያወጣውን ጎማ ራሱ ከጎኑ ወዳለው ሳጥን ይገፋዋል። ያኛው ሳጥን ውስጥ ጎማ ብቻ ነው የሚገኘው። ከመጀመሪያው ሳጥን ግን ጥቂት ሙጫ ሁልጊዜ እንዲተርፍ አድርግ፣ እንዳለ እንዲፈጭ አትልቀቀው። ፒስተን ከሙጫ ጋር ተገናኝቶ ስቲኪ ፒስተን ይሆናል፣ ችቦም በከሰል ፋንታ በሙጫ ይሠራል። ሁሉን ጎማ ካደረግከው በኋላ ወደ ሙጫ አይመለስም።

የሌሊት_ቆፋሪ፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ። እኔ ጋ ማይንፋክትሪ የለም፣ ኢንደስትሪያልክራፍት እና ኦፕንኮምፒውተርስ (ኮምፒውተርና ሮቦት የሚጨምር ሞድ) ነው ያለኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆን አለ?

ቀይ_ድንጋይ፦

አለ፣ ሮቦት ነው። እኔ ከፒከሩ በፊት በእሱ ነበር የምሠራው። ሮቦቱ እጅ ላይ ትሪታፕ ታስይዘዋለህ፣ የመጠቀሚያ ትዕዛዙ ልክ እንዳንተ ቀኝ ጠቅታ ይሠራል። ችግሩ ሮቦት ቀለም አያይም። ደረቁንም የሞላውንም እኩል ይነካል፣ ከላይ እንደተባለው ቀዳዳዎችህን ይደፍናቸዋል።

ለዚያ ጂኦላይዘር ግጠምለት። ከፊቱ ያለውን ብሎክ አንብቦ የብሎኩን ሁኔታ የሚያሳየውን ቁጥር ይነግረዋል። በ1.7.10 የጎማ ግንድ ቁጥር ከ2 እስከ 5 ከሆነ ቀዳዳው ሞልቷል፣ ከ8 እስከ 11 ከሆነ ደርቋል። አራት አራት የሆኑት ለአራቱ አቅጣጫ ነው። ፕሮግራምህ ከ2 እስከ 5 ሲያገኝ ብቻ እንዲነካ፣ ሌላውን እንዲያልፍ ጻፈው። ቀዳዳው በዞረበት ጎን ካልሆነ ደግሞ ቢነካም ምንም አይወጣም። ስለዚህ ሮቦቱ ግንዱን በአራቱም ጎን መዞር አለበት፣ አንድ ብሎክ ከፍ ብሎ እንደገና መዞር አለበት። በዛፎቹ መሃል መንገድ ተውለት፣ ቅጠሉንም ከመንገዱ አጽዳለት።

ትሪታፑ 16 ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ኢንቬንተሪ ኮንትሮለር አፕግሬድ ያስፈልግሃል። ያለሱ ሮቦቱ ሲሰበርበት ሌላ አንስቶ መያዝ አይችልም። ሆዱ ውስጥ አሥር ያህል ትሪታፕ አስቀምጥለትና ልቀቀው።

የሌሊት_ቆፋሪ፦

8 እስከ 11 የሚለውን አላውቅም ነበር። የኔው ሮቦት ሁለት ሳምንት ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ሲነካ ነው የከረመው። አሁን ሄጄ ስንት ቀዳዳ እንደተረፈኝ ልቁጠር።