በድንገት ልብ ሲመታና ፍርሃት ሲይዝ፣ የንግግር ሕክምና ምን ያደርጋል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ታክሲ ውስጥ በድንገት ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ «ሞትኩ!» ይላል። የልብ፣ የደምና የታይሮይድ ምርመራ ተደርጎለት ምንም አልተገኘበትም። ሐኪሙ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከው፤ እሱ ግን «ወሬ እንዴት ልብ ያድናል?» ብሎ እምቢ አለ። እዚያ የሚሠራው ምንድን ነው? ስንት ቀጠሮስ ይፈጃል?

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
የጻፉት ፓኒክ አታክ የሚባለውን፣ በድንገት የሚነሳ ከባድ የፍርሃት ጥቃት፣ ይመስላል። የልቡ መምታት እውነት ነው፤ ችግሩ የሚሰጠው ትርጉም ነው። ልቡ ትንሽ ሲፈጥን «ሊቆም ነው» ብሎ ይደነግጣል፣ ድንጋጤው አድሬናሊን የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ያስረጫል፣ አድሬናሊኑ ደግሞ ልቡን ይብስ ያፈጥነዋል። ንግግሩ የሚገባው እዚህ መሐል ነው።

በብዛት የሚሠራበት ሲቢቲ (ሐሳብንና ባህሪን ለመቀየር የሚሠራ የንግግር ሕክምና) ነው፦ በሳምንት አንዴ፣ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ፣ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ቀጠሮ። መጀመሪያ ባለሙያው ፍርሃቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲነሳበት የሆነውን ደቂቃ በደቂቃ ያስነግረዋል፤ የት ነበርክ፣ ቀድሞ ምን ተሰማህ፣ ምን አሰብክ፣ ምን አደረግህ። በየሳምንቱም እንዲህ እየጻፈ ይመጣል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ይመጣል፤ ስሜቱን ሆን ብሎ መቀስቀስ። ባለበት 1 ደቂቃ መሮጥ፣ በሚሽከረከር ወንበር 1 ደቂቃ መዞር፣ አፍንጫን ይዞ በቀጭን ስትሮ 2 ደቂቃ ያህል መተንፈስ። ልቡ ይመታል፣ ያዞረዋል፣ የፈራው ግን አይደርስም። ይህን ደጋግሞ በገዛ አካሉ ካየ «ሊቆም ነው» የሚለው ሐሳብ ጉልበት ያጣል። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞክረው።

ከዚያ ወደ ታክሲው። ፍርሃቱን ከ0 እስከ 100 እየመዘነ ከቀላሉ ይጀምራል፦ ሰልፍ ላይ መቆም 30፣ ከእርስዎ ጋር አንድ ፌርማታ 45፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ብቻውን የኋላ ወንበር 90። ፍርሃቱ ስለመጣ ብቻ መንገድ ላይ ከታክሲው አይወርድም።

ነርስ፦
ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በትንንሽ መጠባበቂያዎች ነው፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ መቀመጥ፣ ውሃ ይዞ መውጣት፣ እስኪደርስ ስልክ ማውራት። አእምሮው «ውሃው ነው ያዳነኝ» ብሎ ይይዘዋል። ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት በኪስ ይዞ መሄድም ያው ነው። አዘውትሮ ሲወስደው ከቆየ ግን በራሱ በድንገት እንዳያቆም፣ አደገኛ ነው፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለት። ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ወይም ጫት የሚቅም ከሆነም ሳይደብቅ ይናገር፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። እናታችን ጸበል ይሻላል ትላለች፤ ይጋጫል? ደግሞ ሲነሳበት ምን ልበለው?

ሌላ አባል፦
አይጋጭም። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ቀጠሮውንና የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ። ባለሙያውን በመጀመሪያው ቀን ፓኒክን በሲቢቲ ይሠራ እንደሆነና ምሥጢር እስከ የት እንደሚጠበቅ ጠይቁት። ሰዓቱን ሁሉ እሱ ሲመክር፣ ወንድምዎ ሲሰማ ካለቀ ሌላ ፈልጉ። ሪፈሩ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ከሆነም አትደንግጡ፤ ተመላላሽ ሕክምና አለው፣ መሄድ መተኛት አይደለም።

ሲነሳበት «ይኸው መጣ፤ በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል፤ አብሬህ ነኝ» ይበሉትና ዝም ብለው አጠገቡ ይቀመጡ። በየጊዜው ድንገተኛ ክፍል ማሯሯጥ ፍርሃቱን ያጸናበታል። ራሱን ከሳተ ወይም ሲሠራና ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ካመመው ግን ወዲያው ሐኪም ይየው። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።