ግማሹ ቢሮ ግማሹ ቤት ለሆነ ቲም ምን አይነት ጨዋታ ይሻላል?

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ ነበር። 14 ሰው ነን፣ ስምንታችን ቢሮ እንገባለን፣ አራቱ ሙሉ ለሙሉ ከቤት ነው የሚሰሩት፣ ሁለቱ ደሞ አንዳንዴ ይመጣሉ አንዳንዴ አይመጡም። አሁን በየወሩ አንድ ቲም ቢልዲንግ አዘጋጂ ተብዬ ስራው ለኔ ተሰጠኝ፣ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ከኔ በፊት የተደረገው ፕሮግራም አሁንም ከአይኔ አልጠፋም። ቢሮ ያለነው ክብ ሰርተን ስንጫወት ላፕቶፑ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደርጎ ከቤት ያሉት በዛች አንዲት ካሜራ ያዩናል፣ እኛ በሳቅ ስንፈርስ እነሱ ምን እንደተባለ እንኳን አይሰሙም፣ አንዷ ልጅ ቻት ላይ "ምን አለ? ምን አለ?" ብላ ጽፋ ማንም ሳያይላት ፕሮግራሙ አለቀ። በነጋታው ሳወራት "ችግር የለውም እኔ ኢሜይል እየመለስኩ ነበር" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

እና ሁሉንም እኩል የሚያሳትፍ ምን አለ? በአመት አንዴ ሁላችንም በአካል የምንገናኝበት ቀንም አለ፣ ለሱም ሀሳብ ካላችሁ ወርውሩልኝ። ብዙ የማያወሩ ሁለት ሰዎች ስላሉን በግድ ተነሱና ተናገሩ የሚል ነገር ግን አልፈልግም።

ሪሞት_ነኝ፦
እህቴ፣ ያቺን ልጅ በደንብ ነው የማውቃት፣ እኔም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ለኛ ቲም ሁሉንም ነገር የቀየረው አንድ ህግ ነው፣ አንድ ሰው እንኳን ከቤት ከገባ ሁሉም ከየራሱ ላፕቶፕ ይገባል፣ ቢሮ ያለውም ጭምር። በቃ። ያኔ ሁሉም ሰው አንድ አይነት ትንሽ ሳጥን ነው፣ በጎን ሹክ የሚባል ነገር የለም፣ ቀልዱን የሚሰማውም ሁሉም ነው። አንድ ነገር ግን ቀድመሽ አስቢበት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ማይክ ከተከፈተ ድምፁ ይደጋገምና ጆሮ ይበጥሳል፣ ስለዚህ ቢሮ ያሉት ወደተለያየ ክፍል ይበተኑ፣ ክፍል ከሌለ ኢርፎን ያድርጉና የሚያወራው ብቻ ማይኩን ይክፈት።

ጨዋታ ካልሽኝ ጋርቲክ ፎን ሞክሪ። ሊንክ ትልኪያለሽ፣ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ምንም የሚጫን ነገር የለውም። እያንዳንዱ ሰው አንድ አረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ለምሳሌ "ዝሆን ዣንጥላ ይዞ ባቡር ሲጠብቅ"፣ ያ ለሌላ ሰው ይደርስና እሱ ይስለዋል፣ ስዕሉ ደሞ አረፍተ ነገሩን ላላየ ሰው ይሄድና ያ ሰው ያየውን ይጽፋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይዞራል። መጨረሻ ላይ ሰንሰለቱ አንድ በአንድ ሲከፈት ዝሆኑ ወንበር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የምወደው ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስራ ስለሚይዝ ነው፣ ተራ የሚጠብቅ የለም፣ ተሸንፎ የሚወጣ የለም፣ ማውራትም አያስፈልግም። ስዕል የማይችለው ሰው እንደውም ይበልጥ ያስቃል። በአማርኛም መጻፍ ይቻላል። ጂኦጌሰርም አሪፍ ነው፣ የመንገድ ፎቶ አይታችሁ የት ሀገር እንደሆነ ትገምታላችሁ፣ አንድ ሰው ስክሪን ሼር አድርጎ ቡድኑ አብሮ ቢከራከርበት የመንገድ ምልክቱን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ መኪኖቹ በግራ ነው በቀኝ የሚነዱት የሚለውን ሁሉ የሚያስተውል ሰው ከየት መጣ ትያለሽ።

ሰው_ኃይል_ላይ_ያለሁ፦
ከላይ ያለው ህግ ትክክል ነው፣ አልደግመውም። እኔ ስለ በአካሉ ቀን ልጻፍ።

የማርሽሜሎ ቻሌንጅ የሚባለውን አድርጉት። አራት አራት ሆናችሁ፣ ለያንዳንዱ ቡድን 20 ጥሬ ስፓጌቲ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስኮች፣ እኩል ርዝመት ያለው ሲባጎና አንድ ማርሽሜሎ (ለስላሳ ጣፋጭ ከረሜላ ነው) ይሰጣል፣ በ18 ደቂቃ ውስጥ በራሱ የሚቆም ረጅሙን ማማ የሰራ ያሸንፋል፣ ማርሽሜሎው ግን ከላይ መሆን አለበት። ሀሳቡን ያመጣው ዲዛይነሩ ፒተር ስኪልማን ነው፣ ቶም ዉጄክ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ቴድ በሚባለው የንግግር መድረክ ላይ አቅርቦት ታወቀ፣ እሱ እንደሚለው የኬጂ ልጆች ከቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የተሻለ ረጅም ማማ ይሰራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ልጆቹ ገና ከመጀመሪያው ማርሽሜሎውን ሰክተው እየሞከሩ እያፈረሱ ነው የሚሰሩት፣ ትልልቆቹ ግን ማን መሪ ይሁን እያሉ ፕላን ሲያወጡ ቆይተው መጨረሻው ደቂቃ ላይ ማርሽሜሎውን ሲያስቀምጡት ማማው እጥፍ ይላል። ቀላል የሚመስለው ማርሽሜሎ ለስፓጌቲ ከባድ ነው።

ታዲያ ጨዋታው አልቆ ሰው አጨብጭቦ ከተነሳ ግማሹን ጥለሽዋል። አስር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ማን ሀሳብ አመጣ፣ የማን ሀሳብ ሳይሰማ ቀረ፣ ማማው ሊወድቅ እንደሆነ መጀመሪያ ያየው ማን ነው ተባባሉ። የስራ ቦታ ነገር ሳይጠራ የሚወጣው እዛ ላይ ነው።

ለየወሩ ደሞ የጀርባ ለጀርባ ስዕል የሚባለው ለናንተ የተሰራ ይመስላል። ሁለት ሁለት ሁኑ፣ አንዱ ከቢሮ አንዱ ከቤት፣ ካሜራ ይጠፋ። አንዱ ስዕል ይሰጠዋል፣ ለምሳሌ ሶስት ማዕዘን ክብ ውስጥ ገብቶ ከጎኑ መሰላል የቆመበት፣ ስዕሉን ሳያሳይ ሌላውን በቃል ብቻ ያስስለዋል። "ክብ አድርጊ" "ምን ያህል ክብ?" "የወረቀቱን ግማሽ የሚሞላ" "ከላይ ነው ከመሃል?" እያሉ ሲሄዱ ለኛ ግልፅ የሚመስለን ነገር ለሰሚው ግልፅ እንዳልሆነ ወዲያው ይታያል፣ ከዛ ቦታ ይቀያየሩ። ብሬክአውት ሩም (ቪዲዮ ስብሰባው ውስጥ ለየብቻ የሚያወሩበት ትንሽ ክፍል) ከከፈትሽላቸው 20 ደቂቃ ይበቃል።

በአካል ቀን ኤስኬፕ ሩምም ጥሩ ነው፣ ተዘግቶ ፍንጭ እየፈለጉ መውጣት ያቀራርባል።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦
@ሰው_ኃይል_ላይ_ያለሁ ኤስኬፕ ሩሙ ላይ አልስማማም ወንድሜ፣ ቢያንስ ሳይጠየቅ አይሁን። ዝግ ክፍል የሚያስጨንቀው ሰው አለ፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሊኖር ይችላል፣ እርጉዝ አለች፣ እና ሰው በአለቃው ፊት "ይሄ ለኔ አይሆንም" ማለት ይከብደዋል። ቀድሞ ስም የማይጠይቅ ፎርም ተልኮ "የማይመችህ ነገር አለ?" ቢባል ሁሉም ነገር ይቀላል።

ሌላ ልጨምር የምፈልገው፣ እነዚህን ሁሉ በስራ ሰዓት አድርጉት። ከስራ በኋላ ከሆነ ልጅ ያላት ከትምህርት ቤት ልታወጣ ትሮጣለች፣ ርቆ የሚኖረው ትራንስፖርት ያልፈዋል፣ ያልመጣው ደሞ "አይቀላቀልም" ይባላል፣ ይሄ ትልቅ በደል ነው። ከቤት ያሉት በቪዲዮ ቀኑን ሙሉ እንደሚውሉም አትርሱ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ቪዲዮ ድካም ሲጽፍ የራስን ፊት ያለማቋረጥ ማየትና የሌላው ሰው ፊት በጣም ቀርቦ ማፍጠጡ ከሚያደክሙት ነገሮች ውስጥ ናቸው ብሏል። ስለዚህ የራሳችሁን ምስል ደብቁት፣ ካሜራ ማብራትም በፍላጎት ይሁን።

አሮጌ_ቲም_ሊድ፦
ጨዋታውን ሁሉ እደግፋለሁ፣ ግን ከልቤ የምለው ነገር አለ። ማን ምን እንደሚሰራ ባልተለየበት ቲም ውስጥ ጨዋታ ሰውን ለአንድ ሰዓት ያስቀዋል፣ ከዛ ሰኞ ያው ጭቅጭቅ ነው። ቲም ቢልዲንግ ይሰራል ወይ የሚለውን እ.ኤ.አ. በ2009 ክላይንና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው አይተውት ነበር፣ አራት ነገር ነው ያወዳደሩት፣ ግብ ማውጣት፣ ግንኙነት ማጠናከር፣ ችግር አብሮ መፍታትና የስራ ድርሻን ማጥራት፣ ሁሉም ይጠቅማሉ፣ ግን ግብ ማውጣትና ድርሻ ማጥራት ነው ይበልጥ ውጤት የታየባቸው። ስለዚህ ከወሮቹ አንዱን ለዚህ ስጪው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይጽፋል፣ "ከኔ ጋር ስትሰሩ" የሚል ርዕስ ይኑረው፣ ጠዋት ነው ማታ የምነቃቃው፣ ስልክ ይሻለኛል ጽሁፍ፣ ስህተቴን እንዴት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ዝም ስል ምን ማለቴ ነው። ማኔጀሩ ቀድሞ የሱን ያንብብ፣ እውነተኛ ነገር ከጻፈ ሌላውም ይጽፋል። በኛ ቲም አንዱ ልጅ "ሚቲንግ ላይ ዝም የምለው እያሰብኩ ነው፣ በነጋታው ጠይቁኝ" ብሎ ጻፈ፣ ከዛ ወዲህ በነጋታው ስንጠይቀው የሚያመጣው ሀሳብ ሌላ ነው።

ቻት_ላይ_ነኝ፦
አጭር ልጨምር። ስላክ የሚባለውን የስራ ቻት የምትጠቀሙ ከሆነ ዶናት የሚባል አፕ አለ፣ ሰዎችን በየተወሰነ ጊዜ ሁለት ሁለት እያደረገ ያገናኛቸዋል፣ 15 ደቂቃ ስለ ስራ ያልሆነ ወሬ ያወራሉ። አፕ ባይኖርም ስም ጽፎ እጣ ማውጣት ነው። ጎዶሎ ከሆናችሁ አንዱን ብቻውን አታስቀሩ፣ ሶስት አድርጉት። የሰዓት ልዩነት ላለበት ቲም ደሞ ግሩፕ ቻት ላይ የልጅነት ፎቶ ተሰብስቦ "ይሄ ማነው" ማለት ሁሌም ይሰራል፣ የልጅነት ፎቶ የሌለው ሰው የጠረጴዛውን ወይ የመስኮቱን ፎቶ ይላክ።

አስተባባሪዋ፦
ወይ ተባረኩ! የዚህ ወሩን በጋርቲክ ፎን እጀምራለሁ፣ ሁሉም ከየላፕቶፑ፣ ሀሙስ ከሰዓት በስራ ሰዓት። ፎርሙንም ዛሬ እልካለሁ። "ከኔ ጋር ስትሰሩ" የሚለውን ለማኔጀሬ አሳየሁት፣ እሺ ብሏል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ "ሁለት እውነት አንድ ውሸት" የሚባለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ለዝምተኞቹ ከባድ አይሆንም?

ሪሞት_ነኝ፦
በቃል ከሆነ ይከብዳል፣ ተራው እስኪደርሰው ሰውየው ላብ በላብ ይሆናል። ሶስቱን ከአንድ ቀን በፊት ላንቺ ብቻ ይላኩልሽ፣ አንቺ የማን እንደሆነ ሳትናገሪ አንብቢው፣ ሌላው መጀመሪያ የማን እንደሆነ ከዛ የትኛው ውሸት እንደሆነ ቻት ላይ ይገምት። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ማይክ ከፍቶ "የኔ ነው" ካለ በቂ ነው፣ ማብራራት ከፈለገ ያብራራል። እና ያቺን "ምን አለ?" ብላ የጻፈችውን ልጅ ቻቱን እንድታነብላችሁ ጠይቂያት፣ እሺ ካለች።