ክፍለ ሀገር ማለት የት ነው?

ሰላም ቤቶች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ጓደኛዬ «ለስራ ክፍለ ሀገር ልሄድ ነው» አለኝ፣ የት ስለው ጎንደር! እኔ ደሞ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ከነከነኝ። ፋሲል ጎንደርን በ1628 ሲቆረቁር አዲስ አበባ እኮ ገና 250 ዓመት ይቀራት ነበር 😀 ይሄ ቃል እንዴት ነው «ሩቅ ገጠር» የሆነው?

— አትቀየም ወንድሜ፣ ቃሉ የቢሮ ቃል ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት የሚባለውን ደርግ ሲመጣ ክፍለ ሀገር አለው፣ የአገር ክፍል ማለት ነው በቃ፣ ምንም ስድብ የለበትም። በ1980 ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲመጣ አስተዳደር አካባቢና ራስ ገዝ ተባለ፣ በኋላ ደሞ ክልል መጣ፣ ማኅተሙ በየጊዜው ሲቀየር የሰው አፍ ግን እዛው ቀረ። ለአዲስ አበቤ ከከተማው ወጣ ካልክ ሁሉም ክፍለ ሀገር ነው፣ ሐዋሳም ትሁን አንድ ሱቅ ያላት መንደር። አሁን አሁን «ከክልል የመጣ» ሲሉም እሰማለሁ፣ እሱም ወደዛው እየሄደ መሰለኝ።

— እኔን የሚያናድደኝ ባላገር ነው። ባለ አገር፣ አገሩ የሱ የሆነ ማለት እኮ ነው! ሹሙንም ወታደሩንም ሲቀልብ የኖረው እሱ፣ ከተሜው ተነስቶ «ያልሰለጠነ» አደረገው። ሰገጤስ ይሁን፣ ስድብ መሆኑን ማንም አይክደውም።

— የአራዳን ነገር ደሞ ተገላቢጦሽ እዩት። የሰፈር ስም ነው፣ ጊዮርጊስ ጋ የነበረው ትልቁ ገበያ፣ ጣልያን ወደ መርካቶ እስኪያዞረው ድረስ። እዛ የሚውል ሰው ነቃ ያለ ነው ተባለና የሰፈሩ ስም ለሰው ተረፈ፣ ተቃራኒው ፋራ ሆኖ ቀረ።

— እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ እዚም ከከተማ ራቅ ብለህ ቤት ከገዛህ «ቡንዶክስ ገባህ» ይሉሃል። ቃሉ የፊሊፒንስ ነው፣ በታጋሎግ ቡንዶክ ተራራ ማለት ነው፣ ወታደሮቻቸው እዛ ዘምተው ይዘውት የመጡት። ለአገሬው ተራራው ነው፣ ለወታደሩ ግን የጠፋበት ጫካ።

— ጠያቂው ነኝ፣ ተባረኩ። እውነቱን ካወራን ግን እኛም ልጅ ሆነን ቅዳሜ ገበያ ከደንቢያ ጤፍ ጭኖ የሚመጣውን ሰውዬ ባላገር ነበር የምንለው 🙈